የዲስክ ኮታ መዝገብና የዲስኩ እውነተኛ ይዞታ፦ በዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች የመጣጣም ፍተሻ

በርካታ ተመራማሪዎች አንድ ሰርቨር በሚጋሩበት ተቋም፣ በአምቦም ይሁን በደንዲ ወረዳዋ ጊንጪ፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚደርሰውን ቦታ የሚወስነው የዲስክ ኮታ ነው። አሠራሩ በበርክሌይ ዩኒክስ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው 4.2 ቢኤስዲ ሲሆን፣ የተያዙ ብሎኮችን መጠንና የአይኖዶችን ብዛት ይገድባል። ከርነሉ ፋይል በተጻፈ ቁጥር ዲስኩን እንደገና አይቆጥርም፤ ከተመዘገበው ድምር ላይ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በመሆኑም አንዱ መረጃ በሁለት ቦታ ይያዛል፦ በአይኖዶቹና በኮታ መዝገቡ። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ የሚለያዩበትን ምክንያትና የፍተሻውን ሥርዓት ይመረምራል።

የልዩነቱ ዋነኛ መንስኤ ድንገተኛ የኃይል መቋረጥ ነው። በቀድሞው የሊኑክስ አሠራር የኮታ መዝገቦቹ ተራ ፋይሎች ናቸው። መብራት ሲጠፋ ጆርናሉ የፋይል ሥርዓቱን ወደ ጤናማ ሁኔታ ቢመልስም፣ የኮታው ድምር ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ለአብነት፣ 5 ጊጋባይት የተፈቀደለትና ድርሻውን የሞላ ተማሪ 2 ጊጋባይት እንደሰረዘ ኃይል ቢቋረጥ፣ ስረዛው ጸንቶ መዝገቡ ሳይቀነስ ሊቀር ይችላል። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስቀመጥ ሲሞክር ባዶ ቦታ እያለ ይከለከላል። የተገላቢጦሹ ስህተት ግን ቅሬታ አያስነሳም፤ አንዱ ከድርሻው በላይ ይዞ የሌላውን ያጣብባል።

ኮታቼክ የተባለው መሣሪያ የፋይል ሥርዓቱን ቃኝቶ ይዞታውን በየባለቤቱ ይደምርና መዝገቡን ያድሳል። ሥራው የበጀት ዓመት ሲዘጋ ከሚደረግ የንብረት ቆጠራ ጋር ይመሳሰላል፦ ዕቃ እየገባና እየወጣ የተቆጠረ ስቶር ከቢን ካርዱ ጋር አይስማማም። እንዲሁም ቆጠራው ኮታው ጠፍቶ፣ የፋይል ሥርዓቱም ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ መካሄድ ይኖርበታል። መጻፍ ሳይታገድ በግድ ማስቆጠር ቢቻልም፣ በመሃል የተጻፈው ሊዘለል ስለሚችል እርማቱ ራሱ አዲስ ስህተት ይመዘግባል።

ልዩነት ሁሉ ግን የመዝገብ ብልሽት አይደለም። ዲዩ የተባለው ትእዛዝ በቤት ማውጫው ላይ የሚያሳየው ድምር ከኮታው ቢያንስ፣ ተጠቃሚው በዚያው የፋይል ሥርዓት ሌላ ማውጫ ውስጥ ፋይል ሊኖረው ይችላል፤ አለዚያም የተሰረዘ ፋይል በፕሮግራም ተከፍቶ እስካለ ድረስ ቦታውን አይለቅም። ሰርቨሩ ለቆጠራ ከመዘጋቱ በፊት እነዚህ ሊጣሩ ይገባል።

አዳዲሶቹ አሠራሮች ችግሩን ከምንጩ ይቀንሳሉ። ኢኤክስቲ4 የኮታ ባሕርዩ ሲነቃ የተጠቃሚና የቡድን መዝገቦችን በ3ኛውና በ4ኛው ስውር አይኖድ ይይዛል፤ ለውጡም ከፋይሉ ለውጥ ጋር በአንድ የጆርናል ግብይት ይጸናል። ኢቱኤፍኤስሲኬ የተባለው የፋይል ሥርዓት መፈተሻም የተመዘገበውን ከተገኘው ጋር አነጻጽሮ ያርማል። ኤክስኤፍኤስ በበኩሉ ኮታን የራሱ ሜታዳታ አካል አድርጎ ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ያለ ኮታ ከተጫነ በኋላ ዳግም ከኮታ ጋር ሲጫን ቆጠራውን በራሱ ያካሂዳል፤ በዚህ ምክንያት አጫጫኑ ሊዘገይ ይችላል።

ከዚህ በመነሣት፣ ኃይል በሚቆራረጥበት ቦታ ተመራጩ መፍትሔ አዘውትሮ መቁጠር ሳይሆን በጆርናል የተጠበቀ ኮታ መጠቀም ነው። በቀድሞው አሠራር የሚቀጥል ተቋም ግን ከእያንዳንዱ ድንገተኛ መጥፋት በኋላ፣ ተጠቃሚዎች ከመግባታቸው በፊት፣ ቆጠራውን ማካሄድ ይጠበቅበታል።