የክፍል አለቃው በቦሎቄ ሲመረጥ

የክፍል አለቃን ሥራ የማያውቅ ተማሪ የለም። መምህሩ ሲወጣ ጠመኔ ይዞ ከፊት ይቆምና የሚረብሹትን ስም ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። የወዳጁን ስም ይዘላል፤ የተጣላውን ልጅ ግን ቃል ሳይተነፍስም ይጽፈዋል። ኅዳር 29 ሲደርስ ይኸው ክፍል የባህል ልብስ ለብሶ ስለ እኩልነት ይዘምራል። ከመዝሙሩና ከጠመኔው ልጆች ጋ የሚቀረው የቱ እንደሆነ ለመገመት አይከብድም።

በአርሲዋ ኦጎልቾ ከተማ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል የሚያስተምር መምህር ስለ ብዝኃነትና ዴሞክራሲ ማስተማር ካሰበ ከዚሁ አለቃ ቢጀምር ያዋጣዋል። ወጪው ጥቂት ባዶ ጣሳና ጥቂት እፍኝ ቦሎቄ ነው።

ከምርጫው በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለሐይቁ ይሰጥ። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው ሐይቅ ለአንዱ ዝዋይ፣ ለሌላው ደምበል ነው። በደሴቶቹና በዳርቻው የሚኖሩት ዛዮች ደግሞ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። መምህሩ ሁለቱን ስሞች ጽፎ «ትክክለኛው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ክርክሩ ትንሽ ይሙቅ። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ እቤቱ ውኃ ምን እንደሚባል ይናገር። በኦሮምኛ «ቢሻን» የሚለው ይበዛል፤ አንድ ልጅ ብቻ የሚያመጣው ቃልም እኩል ቦታ ይዞ ይጻፍ። «ብሔርህ ምንድን ነው?» ብሎ ልጅን በጓደኞቹ ፊት ማቆም ግን አይገባም። እናቱና አባቱ ከተለያየ ወገን የሆኑበት ልጅ የሚመልሰው ይጠፋዋል።

ቀጥሎ አለቃው ምን እንደሚሠራ ክፍሉ ራሱ ይወስን። በአርሲ ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ አይመጣም። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ የሚያስረክብ፣ ሕግ በጉባኤ የሚያወጣ ነው። የገዳ ሥልጣን የወንዶች እንደነበርም አይደበቅ። ሴቶቹ ሲንቄ ነበራቸው፤ ይህን በትር እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን ትሰጣለች። የተበደለች ሴት ሲንቄዋን ይዛ ስትወጣ ጎረቤቶቿ በትራቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ ነገሩ በሽማግሌ ሳይታይ አይመለሱም። «የክፍላችን ሴቶች ሲበደሉ የት ይሄዳሉ?» የሚለው ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ይቆይ። የአለቃው ዘመን 8 ሳምንት ቢሆን ልጆቹ ምክንያቱን ራሳቸው ይደርሱበታል።

በምርጫው ቀን ለየዕጩው አንድ ጣሳ፣ ለየመራጩ አንድ ቦሎቄ ይዘጋጅ። ክዳኑ ቦሎቄ ብቻ በሚያሳልፍ መጠን ይበሳ፤ በውስጡ እራፊ ጨርቅ ይነጠፍ፤ አለዚያ ድምፁ ምስጢሩን ያወጣዋል። በአገራዊ ምርጫ ዕጩዎች ምልክት እንዳላቸው ሁሉ እዚህም ይኑራቸው፤ ግን በእጅ የሚዳሰስ ይሁን፦ በአንዱ ጣሳ ላይ ገመድ፣ በሌላው ቁራጭ ቆዳ፣ በሦስተኛው የበቆሎ ቆረቆንዳ ይታሰር። ያኔ ማየት የተሳነው ልጅ ማንም እጁን ሳይመራው ይመርጣል። ዕጩው በሚቀናው ቋንቋ ይናገር፤ ጓደኛው ይተርጉምለት። መስማት ለተሳነው ተማሪ ደግሞ ንግግሩ በምልክትና በሥዕል ይታገዝ። ጣሳዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጡ፤ ቆጠራው ግን በሁሉም ፊት ይሁን።

አስቸጋሪው ሰዓት ከቆጠራው በኋላ ያለው ነው። የተሸነፈው ያኮርፋል፤ ያሸነፈው ይኩራራል። በዚያ ቀን የበቆጂዋን ደራርቱ ቱሉን ታሪክ መንገር ነው። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታሸንፍ ሁለተኛ የወጣችውን ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን መጨረሻው መስመር ላይ ጠብቃ አቀፈቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ምክንያት ለ30 ዓመታት ገደማ ከኦሎምፒክ ርቃ ቆይታ የተመለሰችው በዚያው ውድድር ነበር። ያሸነፈው ልጅ የመጀመሪያ ሥራው ከተሸናፊዎቹ አንዱን ምክትል አድርጎ መጋበዝ ይሁን።

በ4ኛው ሳምንት አለቃው በክፍሉ ፊት ይገምገም፤ የስም መጻፉ ነገር ካገረሸም እዚያው ይነሳ። ያን ጊዜ አንዱ ደፋር እጁን አውጥቶ «ባርሲሳ (መምህር)፣ እርስዎስ አይገመገሙም?» ማለቱ አይቀርም። መምህሩ መልሱን አስቀድሞ ቢያስብበት ይበጀዋል።