የሽንኩርት ቤተሰብ፦ ከማዕድ እስከ መድኃኒት

በዚህ ወር የጤና አምዳችን ከየቤታችን ማድ ቤት የማይጠፉትን ዕፅዋት እንመለከታለን። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የሐበሻ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሳይንቲስቶች ይህን ወገን «አሊየም» ይሉታል። በዓለም ላይ ከ700 በላይ ዝርያዎች አሉት። ሳይነቀሉ ቢቆዩ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ እንደ ኳስ የተሰበሰቡ ትናንሽ አበቦች ያወጣሉ።

እነዚህ ዕፅዋት ምግብም መድኃኒትም ተደርገው ሲታዩ ኖረዋል። ዛሬም ለጉንፋኑ፣ ለደም ግፊቱ፣ ለወባው ነጭ ሽንኩርት የሚያኝክ ብዙ ነው። ከዚህ ውስጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው? ሰውን ለአደጋ የሚዳርገውስ የትኛው ነው?

ሽታውና ኃይሉ ከየት ይመጣል?

ያልተቆረጠ ነጭ ሽንኩርት እምብዛም አይሸትም። ሲቆረጥ ወይም ሲወቀጥ ግን በውስጡ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ። አንደኛው ድኝ ያለበት «አሊኢን» የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን ሁለተኛው «አሊኔዝ» የተባለ ኢንዛይም ነው። ሲገናኙ «አሊሲን» ይፈጠራል። ይህ ንጥረ ነገር በ1944 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ተመራማሪዎች ተለይቶ የታወቀ ሲሆን በቤተ ሙከራ ባክቴሪያዎችን ይገድላል። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ገደለ ማለት ግን በሰው አካል ውስጥ በሽታን ያድናል ማለት አይደለም።

ኢንዛይሙ ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት እንደተወቀጠ ወዲያው ወደ ጋለ ዘይት ከሚገባ 10 ደቂቃ ያህል ቢቆይ አሊሲኑ ለመፈጠር ጊዜ ያገኛል። ቀይ ሽንኩርት ሲከተፍ ዓይናችንን የሚያስለቅሰውም እንዲሁ ሲቆረጥ የሚፈጠር ድኝ ያለበት ተን ነው። ሽንኩርቱን ቀድሞ ማቀዝቀዝና ስለታም ቢላዋ መጠቀም ለቅሶውን ይቀንሳል።

በዲናችን ያለው ቦታ

በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 61 በኒ ኢስራኢሎች ነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ምድር ከምታበቅለው እንዲለምኑላቸው ሲጠይቁ ከዘረዘሯቸው ውስጥ ሽንኩርት ይገኛል። እዚያው ያለውን «ፉም» የሚለውን ቃል ከሙፈሲሮች አንዳንዶቹ ነጭ ሽንኩርት ሲሉት ሌሎቹ ስንዴ ብለውታል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት ሐላል ምግቦች ናቸው። ሆኖም በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገቡ ሐዲሶች ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እነዚህን የበላ ሰው ከመስጂድ እንዲርቅ አዘዋል። ሰይዱና ዑመርም (ረ.ዐ) በጁምዓ ኹጥባቸው መብላት የፈለገ ሰው አብስሎ ሽታውን እንዲገድለው መክረዋል።

እዚህ ላይ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። የጥሬ ነጭ ሽንኩርት ሽታ አፍ ውስጥ ብቻ አይቀርም። ከሽታዎቹ አንዱ ከአንጀት ወደ ደም ገብቶ በሳንባ በኩል ከትንፋሽ ጋር ስለሚወጣ ከሰዓታት በኋላም ይሰማል። በመሆኑም መፋቂያም ሆነ የጥርስ ሳሙና ብቻውን አያጠፋውም። ከምግቡ ጋር ወተት መጠጣት፣ ፖም ወይም ትኩስ ናና መብላት ሽታውን ይቀንሳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለሶላት የምንወጣ ከሆነ አብስሎ መብላት ነው። በተለይ በረመዳን ተራዊሕ ላይ ሰፉ ጥቅጥቅ ባለበት ጊዜ የጎናችንን ሰው ማሰብ ይገባናል።

በማዕድ ላይ

100 ግራም ቀይ ሽንኩርት 89 ግራም ያህሉ ውሃ ሲሆን ወደ 40 ካሎሪ ብቻ ይሰጣል። ቫይታሚን ሲ እና «ኩዌርሴቲን» የተባለ ንጥረ ነገርም አለው። ኩዌርሴቲን የሚበዛው በውጭኛው ሥጋ ላይ ስለሆነ ስንልጥ ደረቁን ቅርፊት ብቻ ማንሳቱ ይበጃል። በሽንኩርት ወገን ውስጥ ያለው አሠር በአንጀታችን ለሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል። ሆዳቸው ቶሎ የሚነፋ ሰዎች ግን በዚሁ አሠር ሊቸገሩ ይችላሉ። ጨጓራቸውን የሚያማቸውም ባዶ ሆዳቸውን፣ ለምሳሌ በኢፍጣር ሰዓት፣ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ባይበሉ ይመረጣል።

ሌላም ጥቅም አለ። ቁሌቱ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት በደንብ ከተሠራ ወጡ ያለ ብዙ ጨው ይጣፍጣል። የደም ግፊት ላለበት ቤተሰብ ጨው መቀነስ ትልቅ ጥቅም ነው።

እንደ መድኃኒት ምን ያህል?

የደም ግፊት፦ ነጭ ሽንኩርት ከፍ ያለ የደም ግፊትን በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል። ሆኖም የታዘዘ መድኃኒትን አይተካም። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሳያም ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። «ደህና ነኝ» ብሎ ክኒኑን ትቶ ነጭ ሽንኩርት የያዘ ሰው ሕመሙን የሚያውቀው ግማሽ አካሉ ሲደነዝዝ ወይም ኩላሊቱ ሲደክም ሊሆን ይችላል።

ወባ፦ ነጭ ሽንኩርት ወባን እንደሚከላከል ወይም እንደሚያድን በሰው ላይ አልተረጋገጠም። በተለይ በሕፃንና በነፍሰ ጡር ላይ ወባ በፍጥነት ይከፋል። በወባማ ሥፍራ ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ ሕክምና መጀመር አለበት። የዛሬው ዋነኛ የወባ መድኃኒት መሠረት የሆነው አርቴሚሲኒን የተገኘውም ከተክል ነው። ነገር ግን ተለይቶ፣ ተመዝኖና ተፈትኖ ነው መድኃኒት የሆነው።

ጉንፋን፦ ትኩስ ሾርባ በነጭ ሽንኩርት ጉሮሮን ያለዝባል፤ የሚከለክለው የለም። ነጭ ሽንኩርት በማር የምታዘጋጁ እናቶች ግን ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር እንደማይሰጥ አትርሱ።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች

ነጭ ሽንኩርት የደምን መርጋት ይቀንሳል። በወጥ ውስጥ ያለው መጠን የሚያሰጋ አይደለም። ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን የሚወስድ ሰው ግን ጥሬውን በብዛት ከመብላቱ ወይም በእንክብል ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀውም አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር።

የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ታስሮ ሲቆይ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ስስ ነው። ጆሮ ውስጥም አይጨመር።

ነጭ ሽንኩርት በዘይት ነክሮ ከማቀዝቀዣ ውጭ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ «ቦቱሊዝም» የተባለውን በሽታ የሚያስከትል መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። በ1985 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ 36 ሰዎች የታመሙት በእንዲህ ዓይነቱ ነጭ ሽንኩርት ነበር። ቤት ውስጥ ስናዘጋጅ ጥቂት ብቻ ሠርተን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠን በጥቂት ቀናት ውስጥ እንጨርሰው።

ድመት ያላችሁም ሽንኩርት የበዛበትን ትራፊ አትስጧት። ሽንኩርት የድመትንና የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል።

በአጭሩ የሽንኩርት ቤተሰብ አላህ (ሱ.ወ) ከሰጠን ጸጋዎች አንዱ ነው። በየዕለቱ በምግባችን እንጠቀምበት፣ ወደ መስጂድ ስንሄድ አብስለን እንብላው። ስንታመም ደግሞ ሰበቡን ሳናደርስ አንቅር፤ ሐኪም ያዘዘልንን መድኃኒት በነጭ ሽንኩርት አንለውጥ። ወላሁ አዕለም።