መጋዘን ሳይመረመር እህል አይገባም

የበቆሎ ዋጋ መቼ እንደሚነሣ የማይጠይቅ ነጋዴ የለም፡፡ ዋጋው እስኪነሣ ድረስ እህሉ የሚያርፍበት ቤት በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚጠይቀው ግን ጥቂቱ ነው፡፡ ከጃቢ ጠህናንና ከወንበርማ ወረዳዎች ወጥቶ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ የሚከማች በቆሎ ትርፍና ኪሣራው የሚለየው ቆርቆሮው ሥር ነው፡፡ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት ሳቢያ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የመጋዘን ቆይታው ይረዝማል፡፡

አስቀድመን ሒሳቡን እንመልከት፡፡ በቆሎ ለወራት እንዲቆይ ከተፈለገ እርጥበቱ 13 በመቶ አካባቢ መሆን ይኖርበታል፡፡ እርጥበቱ 18 በመቶ የሆነ 1,000 ኩንታል የገዛ ነጋዴ፣ እህሉ እስከ 13 በመቶ ሲደርቅ በእጁ የሚቀረው 943 ኩንታል ያህል ነው፡፡ ቀሪው 57 ኩንታል በእህል ዋጋ የተገዛ ውሃ ነው ማለት ነው፡፡ ሳይደርቅ ከተከመረ ደግሞ ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያመጣ ይችላል፡፡

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ በግዢ ወቅት በእርጥበት መለኪያ የሚደረገው ነው፡፡ መሣሪያው ከሌለ እህልና ደረቅ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ከድኖ በደንብ መነቅነቅ ነው፡፡ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ስለሆነ አይከመርም፡፡

ሁለተኛው የቤቱ ምርመራ ነው፡፡

ጣሪያ፦ በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘግቶ ወደ ላይ ማየት፡፡ ብርሃን ያስገባ ቀዳዳ ዝናብም ያስገባል፡፡

ወለል፦ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ሲሚንቶው ላይ አንጥፎ ዳር ዳሩን በፕላስተር አሽጎ ማሳደር፡፡ ጠዋት ከሥሩ ጤዛ ከታየ ከመሬት እርጥበት ይመጣል፤ ጆንያው ያለ እንጨት ርብራብ አይደረደርም፡፡

ግድግዳ፦ በክምሩና በግድግዳው መካከል ሰው የሚያልፍበት ክፍተት መተው፤ አለበለዚያ ነቀዝና አይጥ አይታይም፡፡

መተንፈሻ፦ ከጣሪያው ሥር ወንፊት ሽቦ የተገጠመለት ሆኖ በደረቅ ሰዓት የሚከፈት፣ በዝናብና በእርጥብ ሌሊት የሚዘጋ መሆን አለበት፡፡ ብርሃን አስተላላፊ ቆርቆሮ ጣል ጣል ቢደረግ የቀን መብራት ወጪ ይቀንሳል፡፡

ለአነስተኛ ክምችት አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ያዋጣል፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ያለ መድኃኒት ይሞታል፡፡ ሆኖም እርጥብ እህልን አያድንም፡፡

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. በበቆሎ ግብይት ሲጀምር የመጋዘን ደረሰኝ የሚሰጠው እህሉ በናሙና ተፈትሾ፣ ደረጃ ወጥቶለትና ተመዝኖ ነበር፡፡ የግል መጋዘንም ይህንኑ ሥርዓት ቢከተል ገዢው በወረቀቱ ይተማመናል፡፡

ምርመራው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም ክረምቱ ሳይገባ በግንቦትና አዲሱ እህል ሳይደርስ በጥቅምት ይደረግ፡፡ መጋዘን የሚከራይም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ጣሪያውንና ወለሉን ይፈትሽ፤ ጥገናው በማን ወጪ እንደሚከናወን በውሉ ያስፍር፡፡