ስለ ዕለት ዕለት ምስጋና

አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን ሰው «እንደምን አደርህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። ይህ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ልማድ እጅግ ያማረ ነው፤ ሰው ስለ ደኅንነቱ ከመናገሩ አስቀድሞ የደኅንነቱን ሰጪ ይጠራልና። ነገር ግን ከጧት እስከ ማታ ይህን ቃል ሃያ ጊዜ የተናገረ ሰው በመኝታው ላይ ሆኖ «ዛሬ እግዚአብሔርን ስለ ምን አመሰገንሁት?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ፤ ምናልባት አንዲት ነገር እንኳ ለመቍጠር ይቸገራል። አፉ አመስግኗል፤ ልቡ ግን ከአፉ ጋራ አልነበረም። እንግዲህ ምስጋና የአፍ ልማድ ብቻ ሳይሆን የሃይማኖት ሥራ እንደ ሆነ በዚህች ትንሽ ጽሕፈት እንመልከት።

1ኛ፤ ምስጋና ወደ ሰጪው መመለስ ነው።

በሉቃስ ወንጌል በ17ኛው ምዕራፍ ዐሥር ለምጻሞች በጌታችን ቃል እንደ ነጹ ተጽፏል። ዐሥሩም ለመኑ፤ ዐሥሩም ታዘው ወደ ካህናት ሄዱ፤ ዐሥሩም በመንገድ ሳሉ ነጹ። የተመለሰው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አይሁድ የሚንቁት ሳምራዊ ነበረ። ልብ አድርግ፤ ዘጠኙ ስጦታውን አልናቁም፤ ምናልባትም በየቤታቸው ከዘመዶቻቸው ጋራ ደስ ብሏቸው በልተው ጠጥተዋል። ጥፋታቸው ስጦታውን ይዘው ሰጪውን መርሳታቸው ነው። ስለዚህ ደስታና ምስጋና አንድ አይደሉም። ደስታ በስጦታው ላይ ያርፋል፤ ምስጋና ግን ከመንገዱ ወደ ሰጪው ይመለሳል። ጌታችንም የተመለሰውን ሰው እምነቱ እንዳዳነው ነገረው።

2ኛ፤ ምስጋና መስሎ ትዕቢት የሆነ አለ።

በዚያው ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ አንድ ፈሪሳዊ በመቅደስ ቆሞ አመሰገነ፤ ያመሰገነው ግን እንደ ሌሎች ሰዎች፤ ይልቁንም በሩቅ እንደ ቆመው ቀራጭ ባለመሆኑ ነው። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ግን ቀራጩ ነበረ። እኛም በመንገድ ዳር የወደቀ ድኻ ባየን ጊዜ «እንዲህ ያላደረገኝ አምላክ ይመስገን» ብለን እናልፋለን። እንዲህ ከሆነ የባልንጀራችን መከራ የደስታችን ሚዛን ሆነ ማለት ነው። እውነተኛ ምስጋና ግን እጅን ይዘረጋል እንጂ ፊትን አያዞርም፤ ያለው ሁሉ ያለ ዋጋ የተሰጠው መሆኑን ያወቀ ሰው ለሌላው መስጠት አይከብደውምና።

3ኛ፤ በመከራ ጊዜስ ይመሰገናልን?

«የሞላለት ያመስግን፤ እኔ ልጄን የቀበርሁ፤ ሥራዬን ያጣሁ ስለ ምን አመሰግናለሁ?» የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ የተሰሎንቄን ሰዎች በሁሉ እንዲያመሰግኑ ባዘዘ ጊዜ ክፉውን ነገር መልካም ነው በሉ ማለቱ አይደለም። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አለቀሰ፤ በዚያው ስፍራም አባቱን አመሰገነ (ዮሐንስ ምዕራፍ 11)። አልፎ በተሰጠባትም ሌሊት እንጀራውን አንሥቶ አመሰገነ፤ ስለዚህም የቅዳሴው ጸሎት በግዕዝ አኮቴተ ቁርባን ይባላል፤ አኮቴት ምስጋና ማለት ነውና። እንግዲህ እንባና ምስጋና በአንድ ፊት ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

ለዚህም በጀርመን አገር የነበረው ቄስ ማርቲን ሪንካርት ምስክር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1617 ዓ.ም. በተወለደባት በአይለንቡርግ ከተማ ለአገልግሎት ተሾመ። በሚከተለው ዓመት 30 ዓመት የቆየው ጦርነት ተነሣ፤ ከተማይቱም ቅጥር ስለ ነበራት ከየስፍራው የሸሹ ስደተኞች ሞሏት። በ1637 ዓ.ም. ቸነፈር በገባ ጊዜ ከእርሱ በቀር ቄስ ስላልቀረ ከ4000 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ ከእነርሱም አንዷ የገዛ ሚስቱ ነበረች። ከቸነፈሩም በኋላ ጽኑ ረኃብ ሆነ። ይህ ሰው በዚያ የጦርነት ዘመን ልጆቹ በማዕድ የሚጸልዩት አጭር የምስጋና መዝሙር ደረሰ፤ መዝሙሩም እስከ ዛሬ በብዙ ቋንቋ ይዘመራል። ምስጋናው ከብልጽግና የመጣ ቢሆን ኖሮ ከብልጽግናው ጋራ በጠፋ ነበር። ሥሩ በእግዚአብሔር ቸርነት ስለ ነበረ ግን ቸነፈሩ ሊነቅለው አልቻለም።

4ኛ፤ በየቀኑ እንዴት እናመስግን?

ነቢዩ ዳንኤል የንጉሡ ትእዛዝ እንደ ወጣ እያወቀ በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ አምላኩን አመሰገነ (ዳንኤል ምዕራፍ 6)። ይህን የአንበሶቹን ጕድጓድ ፈርቶ የጀመረው አይደለም፤ ከቀድሞ ጀምሮ የጸና ልማዱ ነበረ። በሰላም ቀን ያልለመድነውን ምስጋና በመከራ ቀን በድንገት አናገኘውም። ስለዚህ፤

ጧት መጽሐፍህን ወይም ሥራህን ከመያዝህ በፊት፤ ሌሊቱን ስላሳለፈህ አመስግን።

በማዕድ ጊዜ እንጀራውን የሰጠህን አምላክ አመስግን፤ የጋገረችውንና ውሃውን የቀዳውንም አትርሳ። እግዚአብሔርን እያመሰገነ አገልጋዩን የሚሰድብ ሰው በአንድ አፍ ሁለት ነገር ይናገራል።

ማታ «ስለ ሁሉ አመሰግናለሁ» ብለህ አትለፈው፤ ሦስት ነገሮችን በስማቸው ጥራ፤ ከሕመሙ የዳነውን ሕፃን፤ መምህርህ የገለጠልህን ትምህርት፤ ልትናገረው ስትል የተከለከልኸውን ክፉ ቃል። የጐደለህንም ለምን፤ ነገር ግን ልመናህ ምስጋናህን እንዳይውጠው ተጠንቀቅ።

ወዳጄ ሆይ፤ ራስህን መርምር። በለመንህ ጊዜ የተሰጠህ፤ አንተ ግን ተመልሰህ ያላመሰገንህበት ነገር የትኛው ነው? ነገ ጧት ጎረቤትህ «እንደምን አደርህ?» ሲልህ፤ ከመመለስህ በፊት ጥቂት ቁምና ያን ነገር አስብ፤ ከዚያ በኋላ «እግዚአብሔር ይመስገን» በል። የዚያን ጊዜ ቃሉ ያው የቀድሞው ነው፤ የሚናገረው ሰው ግን ከዘጠኙ ተለይቶ የተመለሰው ይሆናል።

ጸሎት። አቤቱ ጌታ ሆይ፤ ሳንለምንህ የሰጠኸን ለምነን ከተቀበልነው ይበዛል። የሚረሳ ልባችንን ይቅር በል፤ በደስታችንም በኀዘናችንም ወደ አንተ መልሰን፤ በኢየሱስ ክርስቶስ። አሜን።