ድምፅ ከምስል ሲቀድም፦ ለመጽሐፍ ምረቃ የሚዘጋጅ አጭር ፊልም

ለልብ ወለድ ምረቃ አጭር የማስተዋወቂያ ፊልም ሲዘጋጅ ብዙውን ጊዜ ታሪኩን በተዋንያን ማሳየት ይመረጣል። ይህ ጽሑፍ አካሄዱን ይሞግታል። ላልተነበበ ገጸ ባሕርይ አስቀድመን ፊት ከሰጠነው፣ አንባቢው ራሱ ሊሥለው የሚገባውን ሥዕል ነጥቀነዋል።

የተሻለው ማስረጃችን ፊልም አለመሆኑ ያስገርም ይሆናል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ ጭምር ደርሷል። ወጋየሁ ለሰብለ ወንጌልም ሆነ ለጉዱ ካሣ የሰጠው ድምፅ ነው፤ ፊታቸውን እያንዳንዱ አድማጭ በየቤቱ ሠራ።

ታሪኩ ሸጎሌ ላይ የሚፈጸም ልብ ወለድ ለምረቃ ቀርቧል እንበል። የሚቀረጸው ቦታው ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ከዴፖው የሚወጡ አውቶቡሶች፣ ጀርባቸውን የሰጡ መንገደኞች፣ ከበላያቸው የእንጦጦ ጋራ። በዚህ ላይ ከመጽሐፉ የተመረጠ አንድ አንቀጽ ይነበባል፤ ንባቡም ጥያቄው ከተነሣ በኋላ፣ መልሱ ከመምጣቱ በፊት ይቋረጣል። 90 ሰከንድ ይበቃል። ድምፁ አስቀድሞ ጸጥ ባለ ክፍል ይቀረጻል፤ ምስሉ የሚቆረጠው በንባቡ ትንፋሽ ልክ ነው። ሙዚቃው ቢቀር ይሻላል፤ በአዳራሽ የድምፅ ማጉያ ቃላቱን ይውጣቸዋል።

ለግለ ታሪክና ለታሪክ መጻሕፍት ይህ ሙግት አይሠራም፤ እዚያ ፎቶግራፉ ራሱ ማስረጃ ነው።

ተራኪው ከደራሲው ሌላ ሰው ከሆነ የጽሑፍ ውል ያስፈልጋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኝንም መብት ይጠብቃልና፣ ፊልሙ ከምረቃው በኋላ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለቀቅ ከሆነ ውሉ ይህንኑ በግልጽ ይጥቀስ።