የመኪና "እግር" ለማስቀየር ሶማሌ ተራ ከመሄድ በፊት

መኪና ሲሸጥ ደላላው መጀመሪያ የሚያነሳው ሞተሩን ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ "እግሩም ንጹህ ነው" ይላል። እግር ሲባል የመኪናውን አካል ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ሁሉ ማለት ነው። ሾክ አብዞርበሩ፣ ሞላው ወይም ባሌስትራው፣ ብራቾው፣ ቴስቲናው፣ ሊንኩና የላስቲክ ቡሾቹ በዚህ አንድ ስም ይጠቃለላሉ። በአዲስ አበባ በየዕለቱ ለሚነዳ መኪና ከሞተሩ ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቀውም ይኸው ክፍል ነው። ኮብልስቶኑ፣ ቀለም ያልተቀባው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ በክረምት ውሃ ሞልቶት የማይታየው ጉድጓድ ሁሉም ሒሳባቸውን የሚያወራርዱት በእግሩ ላይ ነው።

የዚህ ዕቃ ገበያ መርካቶ ውስጥ ነው፤ በተለይም ሶማሌ ተራና አካባቢው። አዲስ ዕቃ በካርቶን የሚሸጡ ሱቆች፣ ከፈረሱ መኪኖች የተፈታ ዕቃ የሚደረድሩ መደብሮችና በመካከል የሚመላለሱ ደላሎች በአንድ ሰፈር ይገኛሉ። ፍላጎቱ ለምን እንደጠነከረ ለመረዳት ሦስት ቀኖችን ማስታወስ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር የባንክ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ያለው ሰው መኪናውን ሸጦ ሌላ ከመግዛት ይልቅ ያለውን እየጠገነ ማቆየትን መረጠ። (ምንዛሪው ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋ በእጥፍ ያልጨመረው ለምን እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። መልሱ ቀላል ነው፤ ብዙው ነጋዴ ቀድሞውኑ ዋጋውን ያወጣ የነበረው በባንኩ ሳይሆን በትይዩ ገበያው ምንዛሪ ነበር።)

እንግዲህ ገንዘቡ ውስን የሆነ ባለመኪና በምን ይጀምር? አብዛኛው ሰው ከሥር ጫጫታ ሲሰማ "ሾኩ ሄዷል" ብሎ ወደ ገበያ ይሮጣል። ይህ ብዙውን ጊዜ ስህተት ነው። ኮብልስቶን ላይ "ኳ ኳ" የሚለው ድምፅ በአብዛኛው የሚመጣው ከሊንክ፣ ከቡሽ ወይም ካረጀ የሾክ የላይኛው መቀመጫ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ዋጋቸው ከሾክ በእጅጉ ያነሰ ነው። ለማወቅም የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። መኪናው በክሪክ ተነስቶና በጠንካራ ድጋፍ ላይ አርፎ፣ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዛወዝ ክፍተት ካለ ችግሩ የኩሽኔታው ወይም የብራቾው ጫፍ መገጣጠሚያ ነው፤ ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲወዛወዝ ክፍተት ካለ የቴስቲና ነው። ሾኩ ማለቁን የሚናገሩት ሌሎች ምልክቶች ናቸው። በአካሉ ላይ ዘይት ሲፈስ ይታያል፤ የመኪናው ጥግ ተጭኖ ሲለቀቅ ደጋግሞ ይንጠራወዛል፤ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ይደፋል፤ ጎማው ዙሪያውን እኩል ከማለቅ ይልቅ ቦታ ቦታ እየተቦረቦረ ይበላል።

እዚህ ላይ የሞላና የሾክ ሥራ መለየት አለበት። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ሾኩ ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው የሞላውን ንዝረት በዘይት ግፊት ማፈን ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ዝቅ ብሎ ከታየ የደከመው ሞላው ነውና ሾክ መቀየር ከፍ አያደርገውም። ያለቀ ሾክ ጉዳቱ ምቾት ማሳጣት ብቻ አይደለም። ጎማው በጉብታ ላይ ሲዘል ለቅጽበት መሬት ይለቃል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢያዝም መኪናውን አያቆምም። በዳገትና ቁልቁለት በተሞላች ከተማ፣ እግረኛው በአስፋልቱ መካከል በሚሄድበት ሰፈር፣ የጥቂት ሜትር ልዩነት ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም።

ከሚለቀም ዕቃ ወደ ገበያው ሲመጣ ሦስት ዓይነት ምርጫ ይቀርባል። የመጀመሪያው በጃፓኖቹ ካያባና ቶኪኮ ወይም በአሜሪካኑ ሞንሮ ስም የሚሸጠው ነው። ካያባ ለቶዮታ ፋብሪካ ራሱ የሚያቀርብ ድርጅት በመሆኑ በገበያው ተፈላጊ ነው፤ ለቴስቲናና ለመገጣጠሚያ ደግሞ "555" የሚለው የጃፓን ምልክት የታወቀ ነው። ችግሩ ስም የወጣለት ዕቃ ሁሉ አስመሳይ የሚከተለው መሆኑ ነው፤ ካርቶኑን ማተም ሾኩን ከመሥራት ይቀላል። ሁለተኛው "ታይዋን" ወይም "ኮፒ" እየተባለ የሚጠራው፣ ስሙን ሳይደብቅ በርካሽ የሚሸጥ አዲስ ዕቃ ነው። ሦስተኛው ያገለገለ "ኦሪጅናል" ነው።

ስለ ሦስተኛው ገበያው የሚሰጠው ምክር በጅምላ በመሆኑ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያገለገለ ብረት እና ያገለገለ ላስቲክ አንድ አይደሉም። ሞላ፣ የብራቾ ብረት፣ የባሌስትራ ቅጠል ካልተሰበረ፣ ካልተጣመመና ዝገት ካልበላው ከርካሹ አዲስ ዕቃ ሊሻል ይችላል። ሾክ ግን ሕይወቱ ያለው በዘይቱና በላስቲክ ማኅተሙ ላይ ነው፤ ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ ዕድሜያቸውን አይናገሩም። በጨርቅ ተወልውሎ የተደረደረ ሾክ ዘይት አለማፍሰሱ የተረጋገጠ ሳይሆን የተጠረገ ሊሆን ይችላል። ያገለገለ ቡሽ መግዛትማ ገንዘብ መጣል ነው።

ዋጋን ከዕድሜ ጋር ማነጻጸር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ለስሌት ያህል ብቻ፣ ሁለት የፊት ሾኮች ኮፒው 8,000 ብር፣ ደህናው 18,000 ብር ነው ቢባል፣ የእጅ ዋጋና አላይመንት ለሁለቱም 2,000 ብር ቢሆን፣ ኮፒው 20,000 ኪሎ ሜትር ደህናው 60,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል፣ ኮፒው በኪሎ ሜትር 50 ሳንቲም፣ ደህናው 33 ሳንቲም ገደማ ይፈጃል። በቀን 150 ኪሎ ሜትር እየነዳ በወር 26 ቀን የሚሠራ የራይድ ሹፌር ኮፒውን በአምስት ወር ይጨርሰዋል። በአሥራ አምስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀይሮ 30,000 ብር ያወጣል፤ ደህናውን የገዛው ባልደረባው 20,000 ብር ብቻ አውጥቷል። መኪናው ጋራዥ የቆመባቸው ቀናት ገቢ በዚህ ላይ ይጨመራል። በሌላ በኩል በወር 500 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዳ የቢሮ ሠራተኛ 60,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት አሥር ዓመት ይፈጅበታል፤ ማኅተሙና ላስቲኩ ግን ኪሎ ሜትር ሳይቆጥሩ በጊዜ ብቻም ይደርቃሉ። እሱ መካከለኛውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። መኪናውን በቅርቡ ሊሸጥ ያሰበም እንዲሁ።

ስሌቱ የሚሰናከልበት አንድ ቦታ አለ። የርካሹ ዕቃ ትልቁ ድክመት አማካይ ዕድሜው ማጠሩ ሳይሆን ዕድሜው አለመታወቁ ነው። ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ሾኮች አንዱ ዓመት ሲቆይ ሌላው በሁለት ወር ዘይት ሊተፋ ይችላል። ሾክ ደግሞ ግራና ቀኙ ጥንድ ሆኖ መቀየር ስላለበት፣ የአንዱ መበላሸት የሁለቱን ዋጋ ያስከፍላል።

ሱቅ ውስጥ ገዢው ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። የመኪናው ዓይነት ስም ብቻ አይበቃም፤ ኮሮላ ሲባል ትውልዱ ብዙ ነው፣ የፊቱ ሾክም ግራና ቀኝ ይለያያል። የሻንሲ ቁጥር ይዞ ሄዶ የዕቃውን ቁጥር ማመሳከር፣ የተቻለ እንደሆነም የተፈታውን አሮጌ ዕቃ አጠገቡ አቁሞ ማነጻጸር ይሻላል። የሾኩ ዘንግ እንደ መስተዋት የለሰለሰ፣ ጭረትና ነጥብ የሌለው መሆን አለበት። ዘንጉ ወደ ውስጥ ሲገፋ እኩል መቋቋም እንጂ አንድ ቦታ ላይ ባዶ መሆን የለበትም፤ ጋዝ ያለው ዓይነት ከሆነ ሲለቀቅ በራሱ ቀስ ብሎ ይወጣል። ተኝቶ የከረመ ሾክ መጀመሪያ ባዶ የሚመስል ስሜት ሊሰጥ ስለሚችል፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጥቂት ጊዜ እየተገፋና እየተሳበ አየሩ ከወጣለት በኋላ ነው የሚፈረድበት።

መኪና ከፍ ለማድረግ የሚደረገው ነገር ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። በሞላው ቀለበቶች መካከል ላስቲክ መወተፍ በርካሽነቱ ተወዷል። ላስቲኩ ግን የተያዙትን ቀለበቶች ከሥራ ስለሚያስወጣቸው የቀሩት ጫናውን ብቻቸውን ይሸከማሉ፤ ሞላው የሚሰበረውም በዚያ ነው። ከሞላው በላይ የሚገባው ስፔሰር ከዚህ ይሻላል፤ ነገር ግን ከፍታው በበዛ ቁጥር የፊት ዘንጎቹና መገጣጠሚያዎቹ ከተሠሩበት ማዕዘን ወጥተው ይሠራሉ፣ አላይመንቱም ይዛባል። የደከመውን ሞላ በትክክለኛው አዲስ ሞላ ሲተኩት የጠፋው ከፍታ ስለሚመለስ ብዙዎች ስፔሰሩን ሳያስፈልጋቸው ይቀራሉ።

ደህና ዕቃ በመጥፎ እጅ እንደሚጠፋም መካኒኮቹ ራሳቸው ያውቁታል። ዘንጉ እንዳይሽከረከር በፒንሳ ተይዞ ሲጠበቅ የሚቀረው ጭረት ማኅተሙን ቀድዶ አዲሱን ሾክ በሳምንታት ያስፈሳል። የላስቲክ ቡሽ ያላቸው ብሎኖች መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ መጨረሻ መጥበቅ ያለባቸው ጎማው መሬት ረግጦ ነው። የፊት ሞላ ያለ መጭመቂያው መፍታት ደግሞ ሰው የሚጎዳ ሥራ በመሆኑ ከእጅ ዋጋ ጋር የሚደራደሩበት አይደለም። የቪትዝ የኋላ ሾክ ከሞላው የተለየ ስለሆነ በቀላሉ ይቀየራል፤ ለእሱ እንደ ፊቱ ያህል የእጅ ዋጋ የሚጠይቅ ጋራዥ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት።

ደረሰኝ የመቀበሉ ጉዳይ በመርካቶ የቆየ ንትርክ ነው፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ በርካታ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ይታወሳል። ለገዢው ግን ደረሰኙ ከግብር ጉዳይ በላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን ሲያደርግ፣ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ያዛል። ከማን እንደገዛ ማሳየት የማይችል ሰው ይህን መብት የሚጠቀምበት መንገድ የለውም። ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ደግሞ ደረሰኙ የተሰረቀ ዕቃ ተቀባይ ተብሎ ከመጠየቅ ራሱን የሚከላከልበት ወረቀት ነው። በእርግጥ ሌሊት ተፈትቶ የሚሄደው ስፖኪዮ እንጂ ሾክ አይደለም።

ዕቃ ለማስመጣት ላሰበ ነጋዴ ቀጣዩ ጥያቄ የኤሌክትሪክ መኪኖቹ እግር ነው። ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ሲመዝን ፎልክስዋገን አይዲ 4 በባትሪው ምክንያት ከሁለት ቶን ይበልጣል፤ የሚሄዱት ግን በዚያው ኮብልስቶን ላይ ነው። ሞተራቸው ዘይት አይጠይቅም፣ ካንዴላ አይቀይርም፤ ቡሽ፣ ሊንክ፣ ቴስቲናና ሾክ ግን እንደ ማንኛውም መኪና ይበላሉ፣ ከክብደታቸው የተነሳም ፈጥነው ሊበሉ ይችላሉ።