ነፋሱ የሚገባበት ሰዓት፦ በእስራኤል ባሕር ዳር ለካይት ሥራ ለምታስቡ

በካይት (በነፋስ ሸራ እየተጎተቱ በቦርድ ውኃ ላይ የመንሸራተት ስፖርት) ትምህርት ቤት ረዳት ሆኖ የሚቀጠር ሰው የመጀመሪያ ሳምንታቱን የሚያሳልፈው ካይት በፓምፕ ሲነፋ፣ ገመድ ሲዘረጋና የሚያርፍ ካይት ሲይዝ ነው። ጉልበት ያለው ሁሉ ይለምደዋል። ከረዳትነት አውጥቶ አስተማሪ የሚያደርገው ግን ሌላ ችሎታ ነው፤ ጠዋት ዳርቻው ላይ ቆሞ «ዛሬ ጀማሪዎቹን በስንት ሰዓት እናስገባ?» ለሚለው ጥያቄ የሚታመን መልስ መስጠት። በኔታንያ፣ በአሽዶድ፣ በአሽቀሎን ወይም በሃይፋ ኖራችሁ ይህን የበጋ ሥራ የምታስቡ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ተማሩ።

የእስራኤል በጋ፣ ማለትም ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያለው ጊዜ፣ ለአዲስ ሠራተኛ ደግ ነው። ነፋሱ ከሞላ ጎደል በየቀኑ በሰዓቱ ይመጣል። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ሩቅ ነው፤ ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ተነስቶ በኢራቅ በኩል ወደ ቱርክ የሚዘረጋው ዝቅተኛ የአየር ግፊት በጋውን ሙሉ ስለሚቆይ፣ በሜዲትራኒያን ላይ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ነፋስ ያስነሳል። ሁለተኛው እዚሁ ነው፤ ፀሐይ የብሱን ከባሕሩ ቀድማ ታሞቃለች፣ የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ቦታውን ለመሙላት የባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ይገባል። በባሕር ዳር ሁሉም ሰው ብሪዛ የሚለው ይህንን ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ የሥራ ቀን ይሆናል።

ሰዓቱን የምጽፈው በአገር ቤት አቆጣጠር ነው፤ ቀጠሮ የምትይዙት በእስራኤሎቹ ከሆነ በቀኑ ሰዓት ላይ 6 ጨምሩ። ገና ሲነጋ ያለው ነፋስ ደካማ ነው፤ የሚነፍሰውም ከየብስ ወደ ባሕር ነው። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ገደማ ጭር ይላል። ወደ 4 ሰዓት ብሪዛው ይጀምራል፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ኖት ነው (1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው)። ከ7 እስከ 11 ሰዓት ይበረታል፤ በተለመደ ቀን ከ12 እስከ 18 ኖት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እየደከመ ሄዶ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል።

አዲስ ሠራተኛ የሚረሳው አቅጣጫውን ነው። ብሪዛው ቀኑን ሙሉ ከአንድ ቦታ አይነፍስም። ጠዋት ከደቡብ ምዕራብ ወይም ከምዕራብ ይጀምርና እየዞረ ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ምዕራብ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ተማሪውን ወደ ሰሜን የወሰደው ነፋስ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ይወስደዋል። ጠዋት ባዶ ቦታ የነበረው ወገን ከሰዓት የዋናተኞች ክልል ወይም የድንጋይ ግንብ ያለበት ሊሆን ይችላል። ካይት የሚነሳበትን ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ መቀየር ሰነፍ አሠሪን ያናድዳል፤ እናንተ ግን ጠይቁ።

ዳርቻው ራሱም ቀጥ ያለ አይደለም። ከሃይፋ ወደ አሽቀሎን ስትወርዱ ወደ ደቡብ ምዕራብ እያዘነበለ ይሄዳል። ያው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ በሰሜን በኩል ዳርቻውን በሰያፍ ይመታዋል፣ ይህም ለካይት የሚመረጠው ነው። በአሽዶድና በአሽቀሎን ግን ወደ ፊት ለፊት ይጠጋል። ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ተማሪን ወደ ጥልቅ ባሕር አይወስድም፤ ወደ አሸዋው፣ ወደ ጃንጥላዎቹና ወደ ሕፃናቱ ነው የሚገፋው። ስለዚህ በደቡብ ያሉ ዳርቻዎች ላይ የምትሠሩ ከካይቱ ጀርባ ያለውን ቦታ አጽዱ። የካይት ገመድ ከ20 እስከ 24 ሜትር ይረዝማል፤ ነፋሱ በሚሄድበት ወገን ቢያንስ የሁለት ገመድ ርዝመት፣ ወደ 50 ሜትር ገደማ፣ ሰው የሌለበት ሊሆን ይገባል።

ስለ ጉልበቱ አንድ ሒሳብ ያዙ። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ12 ኖት ወደ 18 ኖት ሲደርስ ፍጥነቱ በግማሽ ጨመረ፤ ካይቱ ሰውየውን የሚጎትትበት ኃይል ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ15 ኖት ገደማ 12 ካሬ ሜትር ካይት ይበቃዋል፤ በ20 ኖት ወደ 9 ይወርዳል። በ5 ሰዓት የተነፋውን ትልቅ ካይት 8 ሰዓት ላይ ለሌላ ጀማሪ ማቀበል፣ ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ የሚደረግ መጥፎ ልማድ ነው።

የስልክ ትንበያው ይረዳል፤ ነገር ግን ዓለምን ሁሉ በሰፊ ካሬ ከፋፍለው የሚያሰሉት ሞዴሎች የአንድን ዳርቻ ብሪዛ በደንብ አያዩትም፤ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው አሳንሰው ይናገራሉ። ከትንበያ ይልቅ የተለካውን ተመልከቱ። የእስራኤል የሜትሮሎጂ አገልግሎት የጣቢያዎቹን መለኪያ በየ10 ደቂቃው ያወጣል፤ ከእነዚህም በባሕር ዳር ያሉ አሉ። ከዚያ ደግሞ ውኃውን እዩ። ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብቅ ሲል 10 ኖት ገደማ ነው፤ ባሕሩ ላይ በብዛት ሲታይ ከ12 አልፏል። አረፋው ራቅ ብሎ ታይቶ ዳር ላይ ገና ካልደረሰ፣ ተማሪውን ለማዘጋጀት ጥቂት ደቂቃ አላችሁ።

ቦታዎቹ አመላቸው ይለያያል። ከኔታንያ በስተሰሜን ያለው ቤት ያናይ በካይት የታወቀ ነው፤ በደቡብ በኩል ፖለግ አለ። በመካከላቸው ግን ኔታንያ የተሠራችበት ገደል አለ። ፓራግላይደሮች በበጋ ከዚያ ላይ የሚንሳፈፉት ነፋሱ ገደሉን ሲመታ ሽቅብ ስለሚወጣ ነው፤ ያው ነፋስ በገደሉ ሥር ካይት የያዘን ጀማሪ ከመሬት ሊያነሳው ይችላል። ገደል ሥር ትምህርት የለም። በሃይፋ ባት ጋሊም ጠዋት ከደቡብ ምዕራብ የሚነሳውን ነፋስ የቀርሜሎስ ተራራ ያደናቅፈዋል፤ የተቆራረጠ ስለሚሆን ወደ ምዕራብ እስኪዞር መጠበቅ ይሻላል። ውኃው ሥር ዓለትም አለ።

ወደ ኪኔሬት ለሥራ የምትሄዱ ካላችሁ የሜዲትራኒያንን ሰዓት እርሱት። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ብሪዛው ተራራውን አቋርጦ እዚያ የሚደርሰው ከ8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ሲደርስም ቁልቁል ወርዶ ድንገት ነው፤ 20 ኖት ማለፉ የተለመደ ነው። በጥብርያዶስ በኩል ከየብስ ወደ ሐይቁ መሐል ይገፋል፤ ለትምህርት የሚሆነው የምሥራቁ ዳርቻ ነው። ኤላት ደግሞ ሌላ አገር ናት ማለት ይቻላል። ዓመቱን አብዛኛውን ከሰሜን፣ ከዓረባ በረሃ፣ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ዳር ላይ ውኃው ለጥ ብሎ ስለሚታይ ጀማሪ ይደፍራል፤ ርቆ ሲሄድ ነፋሱም ሞገዱም ይጨምራል። ሞተር ጀልባ ተዘጋጅቶ ካልቆመ፣ ከየብስ በሚነሳ ነፋስ ተማሪ አታስገቡ። አለቃ ቢያዝም አታስገቡ።

አሁን ወደ ቀጠሮ ደብተሩ። ፍጹም ጀማሪዎችን ከ4 እስከ 6 ሰዓት አድርጓቸው፤ ነፋሱ ቀላል ነው፣ ትንሽ ካይት በአሸዋ ላይ መቆጣጠር ይማሩበታል። ሰውነታቸው በካይት ውኃ ላይ እየተጎተተ የሚለማመዱት እስከ 7 ሰዓት ይቀጥሉ። ቦርድ ላይ ለመቆም የሚሞክሩ ከ7 እስከ 10። ራሳቸውን የቻሉ ከዚያ በኋላ። ችግሩ ደንበኛው ከሥራ በኋላ መምጣት መፈለጉ ነው። በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ለ2 ሰዓት 10 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ስለሆነ ጊዜ ያለ ይመስላል፤ ብሪዛው ግን ከፀሐይ ቀድሞ ይደክማል። በሴፕቴምበር መጨረሻ ደግሞ ከ12 ሰዓት ተኩል እምብዛም ሳታልፍ ትጠልቃለች። በ11 ሰዓት ከፋብሪካ የሚወጣ ሰው የሁለት ሰዓት ትምህርት ቢከፍል ግማሹን ቆሞ ነው የሚጨርሰው። እውነቱን ንገሩት፤ የማለዳ ፈረቃ ያለበትን ቀን እንዲመርጥ ምከሩት። እንዲህ የሚነገረው ደንበኛ ይመለሳል።

ጥቂት ነገሮች በፍጥነት። በጁንና በጁላይ ሜዱዛ፣ ቆዳ የሚያቃጥለው የባሕር ፍጥረት፣ በመንጋ ይመጣል፤ እጅጌው ረዥም የሆነ የዋና ልብስ ለራሳችሁም ለተማሪም ያዙ። የሕይወት አድን ሠራተኞቹ የሚሰቅሉት ነጭ፣ ቀይና ጥቁር ባንዲራ ለዋናተኛ የተሰጠ ምልክት ነው፤ ነጭ ስለተሰቀለ ነፋሱ ለካይት ይመቻል ማለት አይደለም። የካይቱን የድንገተኛ መፍቻ በየጠዋቱ አንድ ጊዜ ፈትታችሁ ግጠሙት፤ አሸዋ ይዞት ያደረ መፍቻ በሚያስፈልግበት ሰከንድ አይከፈትም።

ስለ ክፍያ ደግሞ። በበጋም ነፋስ የማይመጣባቸው ቀናት አሉ፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ከብዶ ባሕሩ ዝም የሚልባቸው። ከኦክቶበር ጀምሮ ብሪዛው ያጥራል፤ የክረምቱ ነፋስ ደግሞ በማዕበል የሚመጣ ስለሆነ ለባለሙያ እንጂ ለጀማሪ ትምህርት አይሆንም። በትምህርት ብዛት ብቻ የሚከፈለው ረዳት በእነዚህ ቀናት ካይት ሲጠግን ውሎ ባዶ እጁን ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ለዋላችሁበት ሰዓት ስንት እንደሚከፈላችሁ ጠይቁና በውሉ ላይ አስጽፉ።